ዋጋው ያው ነው፣ ቁናው ግን ጎደለ

ከካልጋሪ፣ ካናዳ

የኑሮ ውድነት በተነሣ ቁጥር ሁላችንም የምንቆጥረው ብር ነው፣ ዶላር ነው። "ጤፍ ስንት ገባ? ሥጋ ስንት ሆነ? ዘይትስ?" እንባባላለን። ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ግን ብዙ ጊዜ ሳንጠይቀው የምናልፈውን ሌላውን ጥያቄ ነው። ለመሆኑ በዚያ ገንዘብ እጃችን የሚገባው ምን ያህል ነው? ዋጋው ሳይነካ ዳቦው ሲያንስ፣ እንጀራው ሲጠብና ሲሳሳ፣ ከረጢቱ በአየር ተነፍቶ ውስጡ ሲጎድል፣ የወጡ ጭልፋ ሲቀል ኑሮ ተወደደ ማለት ነው። ይህኛው ውድነት ግን ድምፅ የለውም። ሌባ ሆኖ ይገባል፣ ሌባ ሆኖ ይወጣል።

ፈረንጆቹ "መኮማተር" እና "የዋጋ ንረት" የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋጥመው "ሽሪንክፍሌሽን" የሚል ስም አውጥተውለታል። የእኛ ሰው ስሙን ባያውቀውም ግብሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" የሚል ሕዝብ የቁናን ነገር ከማንም ሊማር አይችልም።

በካልጋሪ መደርደሪያ ላይ

በካልጋሪ ደቡብ ምሥራቅ፣ ፎረስት ሎውንን አቋርጦ የሚዘልቀው 17ኛው አቬኑ የስደተኛው ገበያ ነው። የአበሻው ሱቅ፣ የቬትናሙ ምግብ ቤት፣ የአረቡ ሥጋ ቤት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ወገናችን ቅዳሜና እሑድ እንጀራውን፣ በርበሬውንና ሽሮውን የሚሸምተው ከዚሁ አካባቢና ከሰሜን ምሥራቁ የከተማው ክፍል ነው። በእነዚህ ሱቆች ውስጥ የሚሰማው ጨዋታ ከፖለቲካው ቀጥሎ ይኸው የኑሮ ነገር ነው።

እንጀራን እንውሰድ። እኛ አበሾች እንጀራ የምንገዛው በቁጥር ነው። አሥር ከሆነ አሥር ነው። ሚዛን ላይ አውጥቶ "ስንት ግራም ነው?" የሚል ሰው ቢገኝ እንደ ነገረኛ ይቆጠራል። ስለዚህ ቁጥሩ አሥር እንደሆነ ይቆይና እንጀራው ይሳሳል፣ ዳርና ዳሩ ይሰበሰባል። ቀድሞ በአንድ ተኩል የሚጠግብ ሰው ሁለት ሲያነሣ "ምግብ አበዛሁ መሰለኝ" ብሎ ራሱን ይታዘባል። ያበዛው ግን እርሱ አይደለም።

ነገሩን በጋጋሪዋ ላይ ብቻ መደፍደፉም ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰሜን አሜሪካ ላይ የምንበላው ጤፍ አብዛኛው ከሀገር ቤት አይመጣም። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ጤፍን ጨምሮ እህል በጥሬው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከከለከለ ወዲህ፣ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የሚመረተው ጤፍ የብዙዎቻችን ጓዳ ሆኗል። ይህን ጤፍ ያስጀመረው በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ የተመለሰ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ጤፉ በ25 ፓውንድ ከረጢት፣ ማለትም ከ11 ኪሎ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ድንበር ተሻግሮ በአሜሪካ ዶላር ይገዛል። በዚያ ላይ የቤት ኪራይ አለ፣ የመብራት ሒሳብ አለ፣ ምጣዱ አለ። ጋጋሪዋ ሁለት መንገድ አላት። አንድ ዶላር ጨምራ ደንበኛዋን ማጣት፣ ወይም ሊጡን ማቅጠን። ብዙዎች የሚመርጡት ሁለተኛውን ነው። ደንበኛው ዋጋ ሲጨመር ይቆጣል፣ እንጀራ ሲሳሳ ግን ዝም ይላልና።

ወደ ትልልቆቹ መደብሮች ስንመጣ ሥዕሉ ይለወጣል። በካናዳ ከሱቅ የሚገዛ ምግብ ዋጋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ከዓመት በፊት ከነበረው በ11.4 በመቶ ማደጉን የካናዳ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሲያስታውቅ፣ ይህ ከነሐሴ 1981 ወዲህ ያልታየ ፍጥነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ ቢረግብም ዋጋው ወደ ነበረበት አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በአንድ ወር ውስጥ ብቻ በመላ ካናዳ ያሉ የምግብ ባንኮች ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጎብኝተዋል። ከጎብኚዎቹ መካከል ሥራ ያላቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው።

የካናዳ የውድድር ቢሮ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ባወጣው ዘገባ፣ ከሀገሪቱ የግሮሰሪ ሽያጭ ከሦስት አራተኛው በላይ ሎብሎ፣ ሶቢስ፣ ሜትሮ፣ ኮስትኮና ዎልማርት በሚባሉ አምስት ኩባንያዎች እጅ መሆኑን ገልጿል። ካልጋሪ ውስጥ ሱፐርስቶር ብንገባም ሆነ ኖ ፍሪልስ የምንሰጠው ለዚያው ለሎብሎ ነው። ሴፍዌይ ስንገባ ደግሞ ለሶቢስ። አማራጭ የመሰለን የስም ለውጥ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ነው የዳቦው ቅሌት መታወስ ያለበት። ሎብሎና እናት ኩባንያው ጆርጅ ዌስተን ከ2001 መጨረሻ እስከ 2015 ድረስ የታሸገ ዳቦ ዋጋን ከሌሎች ጋር በመመሳጠር ሲወስኑ እንደነበር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በይፋ አመኑ። መጀመሪያ ለሸማቹ የ25 ዶላር የስጦታ ካርድ አደሉት። "ካናዳ ብሬድ" የተባለው ዳቦ አምራች በ2023 ጥፋተኛነቱን አምኖ 50 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በሐምሌ 2024 ደግሞ ሎብሎና ዌስተን የጋራ ክሱን በ500 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማሙ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በእያንዳንዱ የስደተኛ ልጅ የምሳ ሳንዱች ላይ እጃቸው ነበረበት ማለት ነው።

የሥጋውም ጉዳይ ከዚህ አይተናነስም። ሲቢሲ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 እንደዘገበው፣ እኛ ባለንበት በምዕራብ ካናዳ 80 የሎብሎ መደብሮች የማሸጊያውን ክብደት ከሥጋው ጋር ደምረው፣ ከተጻፈው ኪሎ ያነሰ ሥጋ ሲሸጡ ቆይተዋል። ኩባንያው "ስሕተት ነው፣ ታርሟል" አለ። የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱም ቅጣት ሳይጥል ፋይሉን ዘጋ። የፕላስቲኩን ሳህን በሥጋ ዋጋ ገዛን ማለት ነው! መርካቶ ውስጥ ሚዛን ሥር ድንጋይ ያስቀመጠ ነጋዴ ሲያዝ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ራሱ ይፍረድ።

ነገሩን የሚያመርረው ደግሞ ያለንበት ሀገር መሆኑ ነው። አልበርታ የካናዳ የበሬ ሥጋ ምድር ናት። ከካልጋሪ በስተደቡብ ሃይ ሪቨር ላይ የካርጊል፣ በስተምሥራቅ ብሩክስ ላይ የጄቢኤስ ቄራዎች አሉ። በእነዚህ ቄራዎች መስመር ላይ ቢላ ይዘው ከሚቆሙት ውስጥ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከፊሊፒንስ የመጡ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና በገባ ጊዜ በሃይ ሪቨሩ ቄራ ከ900 በላይ ሠራተኞች በበሽታው ተይዘው ነበር። የሀገሪቱን ሥጋ የሚቆርጠው ወገናችን ዛሬ ለክትፎ የሚሆን ቀይ ሥጋ ሲገዛ እጁ ይንቀጠቀጣል። የካናዳ የቀንድ ከብት ቁጥር በ2025 መጀመሪያ ላይ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ዝቅተኛ ከሆነው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ለበዓል ከገበሬ በሬ ገዝቶ ቅርጫ መግባት የለመደ ሰው መደቡ ሲያንስ የተካፋዩ ቁጥር መጨመሩን ያያል። በሬው ያው በሬ ነው፣ ቅርጫው ግን ተኮማተረ።

ሒሳቡን እናስላው

ይህ ጉዳይ በዓይን ግምት ስለሚያታልል ጥቂት ቁጥር ማየት ይበጃል። 100 ግራም የነበረ ዳቦ ዋጋው ሳይለወጥ 80 ግራም ቢሆን፣ ብዙ ሰው "20 በመቶ ተጨመረብን" ይላል። አይደለም። የቀድሞውን 100 ግራም ለማግኘት አንድ ዳቦና ሩብ መግዛት አለብን። ስለዚህ ጭማሪው 25 በመቶ ነው። ክብደቱ በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ ዋጋው መቶ በመቶ አደገ ማለት ነው።

እንጀራ ላይ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጀራ ወደ 54 ቢወርድ በዓይን የሚታየው የሦስት ጣት ያህል ክፍተት ነው። የእንጀራው ገጽ ግን በ19 በመቶ ቀንሷል። ከአምስት እንጀራ አንዱ ያህል ጠፋ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከሳሳ ጉድለቱ ይጨምራል። ድቡልቡል ዳቦ ደግሞ በቁመትም በስፋትም ከአሥር አንድ እጅ ቢቀነስ፣ ከጠቅላላው ከሩብ በላይ ይጎድላል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን ሥሌት ጠንቅቀው ያውቁታል። ቶብለሮን የተባለው ቸኮሌት እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ ገበያ ከ400 ግራም ወደ 360፣ ከ170 ወደ 150 ሲወርድ ማሸጊያው አልተለወጠም። በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ነበር ያሰፉት። ሕዝቡ የነቃውም ክፍተቱ እንደ ወላቃ ጥርስ ፊቱ ስለተገተረ ነው።

ሀገር ቤት፦ መደቡ፣ ሲኒውና ዳቦው

ካናዳ ላይ ቢያንስ ግራሙ በሕግ ይጻፋል። መነጽሩን አድርጎ ያነበበ ሰው ይደርስበታል። ሀገር ቤት ያለው ድሃ ግን የሚሸምተው ግራም በተጻፈበት ካርቶን አይደለም። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጠው በመደብ ነው። ሽሮና በርበሬ በጣሳና በኩባያ፣ ዘይት በጠርሙስ፣ ቆሎ በሲኒ ይሰፈራል። የመደቡ ዋጋ ባለበት ይቆይና ከአምስቱ ራስ ሽንኩርት አንዱ ይነሣል፣ ቀጥሎም ትልልቆቹ በትንንሾቹ ይተካሉ። የሲኒው ቂጥ ይወፍራል። ጣሳው ዳር ዳሩን ይጨማደዳል።

ከሁሉ በፊት የሞተችው ግን ምርቃት ናት። ድሮ ጉልት የተቀመጠች እናት ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ በእጇ ዘግና ጣል የምታደርጋት ጭማሪ ነበረች። "ምርቃት አትጨምሪልኝም?" ማለት ነውር አልነበረም። ምርቃት የሚዛን ጉዳይ አልነበረችም። በሻጭና በገዢ መካከል ያለች ሰውነት ነበረች። ዛሬ ምርቃት የጠየቀ ሰው ሻጯን እንደማስለቀስ ይቆጠራል። እርሷም እኮ ከአትክልት ተራ ያመጣችው ኩንታል ከተጻፈበት ጎድሎባት ይሆናል።

ጉድለቱ መሳሳት ብቻ ሆኖ አልቀረም፣ ወደ መቀላቀልም ሄዷል። እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ ቅቤ ውስጥ ሌላ ስብ ተገኘ የሚለው ዜና አዲስ አበባ ውስጥ በተደጋጋሚ የተሰማ ነው። ይህም የዚያው የመኮማተር ልጅ ነው። እንጀራው እንዳይጠብ ሆኖ ጤፉ ተቀነሰ። በዓይን የሚታየው ሞላ፣ ሆድ የሚያውቀው ጎደለ።

ወደ ዳቦው እንምጣ። በመንግሥት ጋዜጣ የዜና ጠረጴዛ ላይ በቆየንባቸው ዓመታት፣ "ከተወሰነው ግራም በታች ሲሸጡ የተገኙ ዳቦ ቤቶች ታሸጉ" የሚለው ዜና ወቅቱን ጠብቆ እንደሚመጣ በዓል ነበር። ተቆጣጣሪው ሚዛኑን ይዞ ይወጣል፣ ጥቂት ዳቦ ቤቶች ይታሸጋሉ፣ "ስግብግብ ነጋዴዎች" እና "ሰው ሠራሽ እጥረት" የሚሉት ሁለት ሐረጎች ይደረደራሉ፣ ከሳምንት በኋላ እሽጉ ይነሣል። በዜናው ውስጥ የማይገኘው አንድ ቁጥር ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን ስንት ገዛው? ያ ቁጥር ቢጻፍ አንባቢው ቀሪውን ሒሳብ ራሱ ይሠራው ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ከዳቦ ቤቱ ወጥቶ ወደ ስንዴው፣ ከስንዴው ወደ ውጭ ምንዛሪው፣ ከዚያም ወደ ላይ ይሄዳል። ሚዛኑ ዳቦ ቤት በር ላይ እንዲቆም የተፈለገው ለዚህ ነው።

ዋጋ ሲታሰር ክብደት ያመልጣል

ዋጋን በትእዛዝ ያሰረ መንግሥት ክብደቱ እንደሚያመልጠው ታሪክ ይመሰክራል። የሐምሌ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዋጋ ግሽበት 64 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ ረገብ ብሎ እንደገና ሲያገረሽ የኢሕአዴግ መንግሥት በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ዳቦን፣ ሥጋን፣ ዘይትን፣ ስኳርንና ቢራን ጨምሮ ከአሥር በሚበልጡ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። መሠረቱ ያንጊዜ አዲስ የነበረው የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685/2002 ነበር። ውጤቱን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ሸቀጡ ከመደርደሪያ ተሰወረ፣ ያልተሰወረው አነሰ። ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ከስኳር፣ ከዘይትና ከስንዴ በቀር በአብዛኛው ላይ የተጣለው ጣሪያ ተነሣ። የነሐሴ 2003ቱ ግሽበት ግን 40 በመቶ ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1266 ባወጡት የዳቦና የጠላ ሕግ፣ የዳቦው ዋጋ ባለበት ሆኖ ክብደቱ ግን በስንዴው ዋጋ ልክ ከፍና ዝቅ እንዲል ወስነው ነበር። ስንዴ ሲወደድ ዳቦው ያንሳል፣ ሲረክስ ይተልቃል። የእነርሱ ቅነሳ በአዋጅ የተነገረ፣ ገዢውም ሻጩም የሚያውቀው ነበር። ከዚያ በታች የቀነሰ ጋጋሪ ይቀጣል።

ጎረቤታችን ግብፅ ደግሞ ሕዝቧ የሚተዳደርበትን የድጎማ ዳቦ ዋጋ ከሠላሳ ዓመት በላይ በ5 ፒያስትር አስራ ኖረች። አንዋር ሳዳት በ1977 ድጎማውን ሊነካ ሲሞክር ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ካይሮ በመንቀጥቀጧ ትእዛዙን ለመሻር ተገድዷል። ከዚያ በኋላ የመጡት ትምህርት ወሰዱ፤ ዋጋውን ትተው ዳቦውን ማሳነስ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የዳቦው ክብደት ከ110 ግራም ወደ 90 ሲወርድ ዋጋው ያው 5 ፒያስትር ነበር። አደባባይ የወጣ ሰው አልነበረም። በሰኔ 2024 ግን ዋጋውም ወደ 20 ፒያስትር ወጣ። ሱዳን ሌላውን መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የአንድ ዳቦ ዋጋ ከ1 ወደ 3 ፓውንድ ሲዘል አትባራ ከተማ ላይ እሳት ተነሣ። በሚያዝያ 2019 ሠላሳ ዓመት የገዛው አልበሽር ወደቀ። መንግሥታት ለምን ግራሙን እንጂ ዋጋውን መንካት እንደሚፈሩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። እኛም ብንሆን የ1966ቱ የካቲት የተለኮሰው በቤንዚን ዋጋ ላይ በተነሣው የታክሲ ነጂዎች አድማ ጭምር እንደነበር አንዘነጋውም።

የተማሪው ትሪ

የመኮማተሩን ነገር ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትሪ ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን የተመደበው የምግብ በጀት ለዓመታት 22 ብር ነበር። ለሦስት ማዕድ ሲካፈል ለአንዱ ከ7 ብር ከ35 ሳንቲም አይበልጥም። በ2014 ዓ.ም. የሀገሪቱ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ2015 አዲስ አበባ ላይ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ እስከ 10,000 ብር ሲደርስ፣ የተማሪው በጀት ከነበረበት ፈቅ አላለም። ታዲያ ምግብ ቤቱ ምን ያድርግ? ዳቦውን ያሳንሳል፣ ወጡን በውኃ ያረዝማል፣ ሥጋውን ከሳምንቱ ዝርዝር ያወጣል። በወረቀት ላይ ቁርስም፣ ምሳም፣ እራትም ቀርቧል። በ2017 ዓ.ም. በጀቱ ወደ 100 ብር ከፍ ሲል መንግሥት እንደ ትልቅ ችሮታ ተናገረለት። ከሀገር ቤት ዜና የሚከታተል ሰው ግን መጠየቅ ያለበት 22 ብር በነበረባቸው ዓመታት ያለፈው ትውልድ ምን በልቶ ተማረ የሚለውን ነው።

አቶ መለስ ዜናዊ ሥልጣን እንደያዙ ራእያቸውን ሲጠየቁ፣ ኢትዮጵያዊው በአሥር ዓመት ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲበላ ማድረግ መሆኑን መናገራቸው ይታወሳል። ያኔ ብዙ ተባለለት። ሦስት ጊዜ የሚለው ቃል ግን ቁጥር እንጂ ልክ የለውም። ሦስት ጊዜ ምን ያህል? አንድን ዳቦ ለሦስት ቆርሶ ማቅረብም ሦስት ማዕድ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ የመጣውም መንግሥት የቁጥር ፍቅር አልለቀቀውም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሸገር ዳቦ ፋብሪካ ሲመረቅ በሰዓት 80,000 ዳቦ እንደሚያመርት ተነገረን። በ2015 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢትዮጵያ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች ብለው በሥነ ሥርዓት አበሠሩ። በዚያው ዓመት በሰሜኑ ጦርነትና በደቡቡ ድርቅ ምክንያት ሚሊዮኖች የዕርዳታ እህል ይጠብቁ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ብርን ለገበያ ሲለቀው፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ግሽበቱ ከ15 በመቶ በታች መውረዱ እንደ ድል ተነገረ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ግሽበት ወረደ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። 100 ብር የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 15 በመቶ "ብቻ" ቢጨምር 149 ብር ከ50 ይገባል። በወረቀት ላይ ግሽበቱ በግማሽ ቀንሷል፣ በገበያ ላይ ግን ዕቃው ከመጀመሪያው በግማሽ ተወዷል። ዳቦው በዚያ መካከል 20 ግራም ከጎደለ ደግሞ፣ ክብደቱን ሳይመዝን ዋጋውን ብቻ መዝግቦ የሚመለስ ቆጣሪ ይህን አያገኘውም። ካናዳ ውስጥ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የእሽግ ክብደት ሲቀንስ እንደ ዋጋ ጭማሪ ይቆጥረዋል። በጉልት መደብና በቆሎ ሲኒ ለሚኖር ሕዝብ ግን መደቡን ማን ይመዝንለታል?

ከሌማቱ መጀመሪያ የሚቀንሰው ማን ነው?

ከቁጥሩ ባሻገር ያለውን እውነት ደግሞ እናንሣ። ምግብ ሲያንስ በቤት ውስጥ እኩል አያንስም። በእኛ ባህል ጓዳን ሸፍኖ መኖር ክብር ነው። እንግዳ ከመጣ ያለው ሁሉ ይቀርባል፣ ልጆች ይቀድማሉ፣ አባወራው ይበላል። በመጨረሻ እናት "እኔ ቅድም በልቻለሁ" ትላለች። ይህን ቃል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ያደግነው በዚህ ቃል ነው። ዳቦ ቤቱ የቀነሰው 20 ግራም፣ ጋጋሪዋ ያሳሳችው እንጀራ፣ ከመደቡ የተነሣው ሽንኩርት ሁሉ ተጠራቅሞ መጨረሻ የሚያርፈው በዚያች እናት ሆድ ላይ ነው። ማንም ስታቲስቲክስ "በልቻለሁ" የሚለውን ቃል አይመዘግብም።

ካልጋሪም ብንሆን ከዚህ ነጻ አይደለንም። ሁለት ሥራ ሠርቶ፣ ከደመወዙ ለሀገር ቤት ቆርጦ የሚልክ ወገን መጀመሪያ የሚቀንሰው ከራሱ ትሪ ነው። ምግብ ባንክ መሄድ ያፍራል። ስልክ ሲደወልለት "እኛ ደኅና ነን፣ ምንም አልጎደለብንም" ይላል። ከወዲያ ያለችው እናትም "ደኅና ነን" ትላለች። ሁለቱም ያልበሉትን በልተናል ይባባላሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ነገር ጥያቄያችንን መለወጥ ነው። ወደ ቤት ስንደውል "ጤፍ ስንት ገባ?" ብለን ብቻ አንቁም። "የላክነው ገንዘብ ስንት ቀን አደረሳችሁ? እንጀራው ስንት ይበቃል? ዳቦው ምን ያህላል?" እንበል። አንድ መቶ ዶላር በብር ስንት እንደሆነ ባንኩ ይነግረናል። ስንት ቀን እንደሚያጠግብ የሚነግረን ግን ሌማቱ ብቻ ነው። ምንዛሪው ስላደገ ድጋፋችን ያደገ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ዋጋው አብሮት መውጣቱን፣ ክብደቱ አብሮት መውረዱን ካላየን ራሳችንን እናታልላለን።

ሁለተኛው በያለንበት ሕግ መጠየቅ ነው። ፈረንሳይ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትልልቅ መደብሮች ክብደቱ የቀነሰ ሸቀጥ አጠገብ ማስታወቂያ እንዲለጥፉ አስገድዳለች። በካናዳ ደግሞ ኩቤክ የ100 ግራሙን ወይም የሊትሩን ዋጋ መደርደሪያው ላይ መጻፍን በሕግ ግዴታ አድርጋለች። አልበርታ ውስጥ ይህ በነጋዴው በጎ ፈቃድ ላይ የተተወ ነው። የውድድር ቢሮው በ2023 ዘገባው አንድ ወጥ አሠራር እንዲኖር መክሯል። ለምርጫ ድምፃችንን የሚጠይቁን የአልበርታ ምክር ቤት አባላት ወደ ማኅበራችን በዓል ሲመጡ ዶሮ ወጥ አብልተን ከመሸኘት ባሻገር ይህን ልንጠይቃቸው ይገባል። ሀገር ቤት ያለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ወረቀት ላይ ያለውን መብት ወደ ሚዛን ማውጣት የሚችለው ነጻ ጋዜጣና ነጻ የሸማቾች ማኅበር ነው። ጋዜጠኛ በእስር ቤትና በስደት ባለቀበት ሀገር የዳቦን ግራም የሚመዝን ማን ነው?

ሦስተኛው ለራሳችን ነጋዴዎች ነው። እናንተ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ምግብ ቤት ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች ኪሳራ ውስጥ ግቡ የሚላችሁ የለም። ጤፍ እንደተወደደ፣ ኪራይ እንደጨመረ እናውቃለን። ዋጋ መጨመር ካለባችሁ በግልጽ ጨምሩ፣ ክብደቱን እሽጉ ላይ ጻፉ። ደንበኛው ያጉረመርም ይሆናል፣ ነገር ግን ይመለሳል። የተታለለ የመሰለው ደንበኛ ግን ሳያጉረመርም ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ግን ዝምታውን እንስበር። ዋጋ ሲጨምር ሕዝብ ይጮኻል፣ መንግሥትም ነጋዴም ይሰማል። ክብደት ሲቀንስ ግን ሁሉም ሰው ብቻውን፣ በየቤቱ፣ ራሱን እየታዘበ ይራባል። ገዢዎችም፣ ትልልቅ ኩባንያዎችም የሚመኩበት ይህን ዝምታ ነው። አንድ ሚዛን በየቤታችን፣ አንድ ማስታወሻ ደብተር በየእጃችን ቢኖር ብዙ ነገር ይገለጣል። "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" ያሉት አባቶቻችን ለሰፋሪው ማስጠንቀቂያ ትተዋል። የተሰፈረለትም ወገን ቁናውን አንሥቶ ማየት አለበት።

ቸር ይግጠመን!